የምርጫ ማግስት አልቃሾች

ከምርጫ በፊት ዝም ብለው ከምርጫ በኋላ የሚያለቅሱ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አንዱን ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም፣ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ አገኘሁ። «ለስደተኛ በሩ ይዘጋ» የሚለው ፓርቲ በየክፍለ ሀገሩ ምርጫ ብዙ ወንበር ባገኘበት ሳምንት እሁድ ጋሽ ታደሰ ያለቅሳሉ። እንባው የእውነት ነው፤ ባለቤታቸውን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ያስገቡት ማመልከቻ ገና መልስ አላገኘም።

«ምህላ ይያዝልን» ይላሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የዚህ አገር ዜጋ ነዎት። ድምፅ ሰጡ ወይ?»

«የእኔ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ምን ይፈይዳል፣ ልጄ?»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ተናደድኩ። የአንድ ሽማግሌ ጸሎት ሰማይ ይደርሳል፤ ድምፁ ግን እዚሁ ሠፈር ያለው ሣጥን አይደርስም?

ሊጸልዩ ዳዊታቸውን ሲገልጡ ከመሃሉ፣ መራጭ ድምፅ ሲሰጥ የሚያስረክበው የድምፅ መስጫ ካርዳቸው ወደቀ። በጥንቃቄ አንስተው እዚያው ገጽ ላይ መለሱት።

«የደረስኩበት እንዳይጠፋኝ ነው» አሉኝ።