ለድመት የማትበቃ ሽጉጥ

[የኤሌክትሪክ ዕቃ መጋዘን መውጫ በር፤ ጠባብ የጥበቃ ክፍል። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ደንብ። ለምሳ መውጫ ሩብ ሰዓት ቀርቷል፤ ፀሐዩ ይፋጃል። ዘበኛው «የታጠቁት መሣሪያ ለጥበቃ ይበቃል ወይስ አይበቃም?» የሚል ቅጽ ፊቱ ዘርግቶ፣ ትንሽ ሽጉጡን ከጎኑ አስቀምጦ ተቀምጧል። አጠገቡ የመጋዘኑ የንብረት ክፍል ኃላፊ ቆሟል፤ የዘበኛው እህት ባል ነው። ድሮ ሁለት ዓመት የጦር ሠራዊት ብርድ ልብስ ቆጥሮ ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ «ሻለቃ» ይለዋል። አንድም ቀን «አይደለሁም» ብሎ አያውቅም። ወፍራም ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።]

ሻለቃ፦ ጻፍ አልኩህ። «አይበቃም» ብለህ ጻፍ። አምስት ፊደል ናት።

ዘበኛ፦ «ይበቃል» አራት ናት። እሷ ታጥራለች።

ሻለቃ፦ ስለ ፊደል ማን አወራ? ስለ ነፍስህ ነው የማወራው። ይቺ ሽጉጥ ናት? ይቺ የሲጋራ መለኮሻ ናት።

ዘበኛ፦ ሲጋራ አላጨስም።

ሻለቃ፦ አምላኬ ሆይ ትዕግስቱን ስጠኝ። አምጣት እስኪ። [ሽጉጧን ከጠረጴዛው ላይ ያነሳል] ሃያ ሁለት ካሊበር። ሃያ ሁለት። ሰው በዚች ምን ላይ እንደሚተኩስ ታውቃለህ?

ዘበኛ፦ እኔ ጣሳ ላይ ነው የተኮስኩት።

ሻለቃ፦ ጥንቸል ላይ። ይቺ የጥንቸል ናት።

ዘበኛ፦ ጥንቸሏስ ምን ሆነች?

ሻለቃ፦ ሞተች እንጂ ምን ትሆናለች?

ዘበኛ፦ እህ። [እስክሪብቶ ያነሳል]

ሻለቃ፦ ምን ልትጽፍ ነው?

ዘበኛ፦ ጥንቸሏን።

ሻለቃ፦ አስቀምጥ እስክሪብቶውን። አንተ ጥንቸል ነው እንዴ የምትጠብቀው? ሌባ ነው። ሌባ ደግሞ ሰማንያ ኪሎ ነው።

ዘበኛ፦ ሁሉም?

ሻለቃ፦ በአማካይ።

ዘበኛ፦ አንተ ስንት ኪሎ ነህ?

ሻለቃ፦ እኔን ምን አመጣኝ?

ዘበኛ፦ እንዲያው ነው። ጠዋት ስትገባ ቀጠን ብለህ ነበር። አሁን ሞላ ብለሃል።

ሻለቃ፦ ምሳ በልቼ ነዋ።

ዘበኛ፦ ምሳ እኮ ገና ነው።

ሻለቃ፦ ቁርስ አርፍጄ በልቼ ነው። ወሬ አታስቀይር። አሁን እየኝና ተማር። [የጥይት ካዝናውን አውጥቶ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ያራግፋል] አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። ስድስት። ሰባት። ውስጧም የቀረ የለም፣ እይ። ባዶ። መሣሪያ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ባዶ መሆኗን ያረጋግጣል። ይሄንን ጦር ሜዳ ነው ያስተማሩኝ።

ዘበኛ፦ ብርድ ልብስ ክፍል?

ሻለቃ፦ ብርድ ልብሱስ ጦር ሜዳ አልነበረም?

[አንዷ ጥይት ተንከባልላ ወለሉ ላይ ትወድቃለች።]

ዘበኛ፦ ወደቀች። እግርህ ስር ናት፣ አንሳልኝ።

ሻለቃ፦ እኔ? ለዚች? ለመድፍ ያልጎነበስኩት ሰውዬ ለዚች ልጎንበስ?

ዘበኛ፦ ለመድፉስ ብትጎነበስ ጥሩ ነበር። ቅዝምዝም ሲወረወር ጎንበስ ብለህ አሳልፈው ይባላል።

ሻለቃ፦ ተዋት፣ ትተኛ። አትጠቅምም። ለምን እንደማትጠቅም ልንገርህ? የትልቁ ሽጉጥ ጥይት የምትመታው ቂጧ መሃል ላይ ነው። ባሩዱን የሚለኩሰው ነገር እዚያ ተቀብሯል። የዚችኛዋ ግን ጠርዟ ውስጥ ዙሪያውን ነው የተቀባው። ሽጉጧ የምትመታት ጠርዟን ነው። ታዲያ ቅቡ አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ ከተገኘ፣ ቀጭ። ከሸፈ።

ዘበኛ፦ ከዚያስ?

ሻለቃ፦ ከዚያማ ሌባው ይስቅብሃላ።

ዘበኛ፦ መክሸፏን በምን ያውቃል?

ሻለቃ፦ ቀጭ ሲል ይሰማላ።

ዘበኛ፦ ቆሞ?

ሻለቃ፦ እ?

ዘበኛ፦ ቀጭ ሲል የሚሰማው ቆሞ ነው እየሮጠ?

ሻለቃ፦ አንተን ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። እሺ፣ አልከሸፈችም እንበል። ተኮሰች። የት ትደርሳለች? ወፍራም ኮት የለበሰ ሰው ብትመታ እንኳ ኮቱን አታልፍም።

ዘበኛ፦ ለዚህ ነው ኮት የለበስከው?

ሻለቃ፦ ብርድ ይዞኝ ነው።

ዘበኛ፦ ግንባርህ ላይ ላብ አለ።

ሻለቃ፦ የብርድ ላብ ነው።

ዘበኛ፦ ታመህማ አትቁም። ወንበር አለ፣ ተቀመጥ።

ሻለቃ፦ አልቀመጥም። ወታደር አይቀመጥም። አየህ፣ እኔ የታጠቅኩት አርባ አምስት ነበር። ያቺን ስትተኩስ እንኳን የተመታው የተኮሰውም ይወድቃል።

ዘበኛ፦ ለኔም መጀመሪያ ትልቁን ነበር የሰጡኝ። ድምፁን ስለምፈራ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምተኩሰው። የመታሁት የሥራ አስኪያጁን መኪና ጎማ ነው።

ሻለቃ፦ ቢሆንም፣ መታህ።

ዘበኛ፦ በዚች ግን ዓይኔን አልጨፍንም። ስተኩስ እጄ ላይ አትራገጥም። ከአሥር ጣሳ ስምንቱን እጥላለሁ።

ሻለቃ፦ ጣሳ አይሮጥም።

ዘበኛ፦ መኪናዋም ቆማ ነበር።

[ሻለቃ የግድግዳውን ሰዓት ያያል፤ ላቡን በክንዱ ይጠርጋል።]

ሻለቃ፦ በል ጨርስ። ሥራ አስኪያጁ ለምሳ ሲወጣ ቅጹን ይወስደዋል። ቶሎ በል።

ዘበኛ፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሻለቃ፦ እንቁላሉ እስኪሄድ ምሳው አለፈን።

ዘበኛ፦ እኔ እኮ ግራ ገብቶኝ ነው። ሁለት ጥቅል የመዳብ ሽቦ ከጠፋ ወዲህ ምግብ አይበላልኝም። ደብዳቤውን አይተኸዋል አይደል? «ከዛሬ ምሳ ጀምሮ ዘመድም ቢሆን ሳይፈተሽ አይወጣም። ዳግመኛ አንድ ጥቅል ቢጎድል የሚሰናበተው ዘበኛው ነው።» ስሜን ጽፈው፣ ከሥሩ አስምረውበታል። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ በር ላይ ቆሜ።

ሻለቃ፦ ታዲያ እኔ ምን እያልኩህ ነው? ላድንህ እኮ ነው የመጣሁት። እስኪ ያንን ደንብ አንብበው።

ዘበኛ፦ [በጣቱ እየተከተለ] «ያልታጠቀ ጥበቃ ሠራተኛ ማንንም አይፈትሽም።»

ሻለቃ፦ ገባህ?

ዘበኛ፦ አልገባኝም።

ሻለቃ፦ አይገባህማ። ስማ። «አይበቃም» ብለህ ትፈርማለህ። ሽጉጧ ተመላሽ ትሆናለች። አዲስ እስኪገዛልህ አልታጠቅክም። ካልታጠቅክ አትፈትሽም። ካልፈተሽክ ደግሞ ቢጠፋም የሚጠየቀው ደንቡ እንጂ አንተ አይደለህም።

ዘበኛ፦ አዲሱ መቼ ይመጣል?

ሻለቃ፦ በሦስት ወር። ቢበዛ በአራት።

ዘበኛ፦ ላም አለኝ በሰማይ። እስከዚያ ሽቦውስ?

ሻለቃ፦ ሽቦውን ተወው። ሽቦው ወንድምህ ነው? እኔ ስለ አንተ ነው የማስበው። ባዕድ አይደለሁ፣ የእህትህ ባል ነኝ።

ዘበኛ፦ እሱስ እውነት ነው። አማች ነው ብዬ እስካሁን አንድ ቀን ፈትሼህ አላውቅም።

ሻለቃ፦ ለዚህም እኮ ነው ውለታህን የምመልሰው።

ዘበኛ፦ [ይጽፋል] «አ... ይ...» [ያቆማል] አንድ ነገር ልጠይቅህ?

ሻለቃ፦ ከፈረምክ በኋላ።

ዘበኛ፦ እስክፈርም ድረስ ታጥቄያለሁ አይደል?

ሻለቃ፦ ታጥቀሃል። ምን ችግር አለው?

ዘበኛ፦ አሥራ አንድ ዓመት የታጠቅኩትን እንዲሁ ሜዳ ላይ ጥዬ ከምፈታው አንድ ሰው ፈትሼ ልፍታው ብዬ ነው። ለስንብት ያህል።

ሻለቃ፦ ማንን?

ዘበኛ፦ [ጠረጴዛው ስር ያያል፤ ከበሩ ውጭ ያያል] አንተ ብቻ ነህ ያለኸው።

ሻለቃ፦ [ይስቃል] እኔን? በዚች? ሰውዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምን ስልህ ነው የዋልኩት? ይቺ ለድመት አትበቃም። ድመት ላይ ብትተኩስ ዞር ብላ ትገላምጥሃለች። በል ፈርም፣ እኔ ሄድኩ።

[ወደ በሩ ይራመዳል። ዘበኛው ሽጉጧን ከጠረጴዛው አንስቶ ወገቡ ላይ ወዳለው አፎት ይከታታል። እጁን በላይዋ ያሳርፋል።]

ዘበኛ፦ ሻለቃ። ቁም።

[ሻለቃ ሁለት እጁን ሽቅብ ይሰቅላል። የኮቱ ቁልፎች ተራ በተራ ይበጠሳሉ። ኮቱ ይከፈታል። ከብብቱ እስከ ወገቡ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ያብረቀርቃል። አንዱ ጫፍ ተፈቶ ወለሉ ላይ ይጎተታል።]

ዘበኛ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ።

ሻለቃ፦ እንዳትተኩስ ወንድሜ! በእናትህ፣ እንዳትተኩስ!

ዘበኛ፦ በምን?

ሻለቃ፦ በሽጉጧ!

ዘበኛ፦ ስድስቱ ጥይት ጠረጴዛው ላይ ነው። አንዷ አንተ ያልጎነበስክላት ናት። ራስህ ነህ ያወጣሃቸው፣ ራስህ ነህ የቆጠርካቸው።

[ሻለቃ ጠረጴዛውን ያያል። ወለሉን ያያል። እጁ ግን አይወርድም።]

ሻለቃ፦ ባዶ መሆኗን አውቃለሁ።

ዘበኛ፦ ታዲያ እጅህ?

ሻለቃ፦ እጄ አልሰማም።

ዘበኛ፦ እህቴ ባለፈው ሰሞን መጥታ አማከረችኝ። «ባሌ ጠዋት ከስቶ ይወጣል፣ ማታ ወፍሮ ይገባል፣ ጓዳ ገብቶ ሲወጣ ደግሞ ይከሳል» ብላ። እኔ ሞኙ የሆድ ትል ነው፣ ሐኪም ይየው አልኳት።

ሻለቃ፦ ወንድሜ፣ ተዛምደናል እኮ።

ዘበኛ፦ እሱ ነው ያናደደኝ። መስረቅህስ ይሁን፣ ሌባ ይሰርቃል። አንተ ግን ደብዳቤው ላይ ስሜን አንብበህ፣ ሽቦውን ከአንገት በታች ተጠምጥመህ፣ ሥራዬን በገዛ እጄ ፈርሜ እንድሰጥህ ልታስተምረኝ መጣህ። ይሄ ነው ያመመኝ።

ሻለቃ፦ እንደማይገባህ... ማለቴ፣ እንደማትጎዳ አስቤ ነው።

ዘበኛ፦ መጀመሪያማ አልገባኝም ነበር። ጥንቸሏም አልገባችኝም፣ ጠርዙም አልገባኝም። በኋላ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ይቺ ሽጉጥ ማንንም የማታስፈራ ከሆነ፣ ይሄ ሰውዬ ከወገቤ እንድትወርድ ይሄን ሁሉ ላብ የሚያልበው ለምንድነው አልኩ።

[የምሳ ደወል ይደወላል። ከውጭ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ይሰማል። ዘበኛው ይቀመጣል፤ የጀመረውን «አይ» በረጅሙ ሰርዞ፣ ፊደል በፊደል፣ ሳይቸኩል ይጽፋል።]

ሻለቃ፦ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?

ዘበኛ፦ [ያነባል] «ይበቃል። ሽጉጧ ያለ ጥይት ተሞክራ ሠርታለች።» [ቅጹን ወደ ሻለቃ ያዞራል] ከሥሩ ምስክር ይላል። ከአንተ በላይ መሣሪያ የሚያውቅ የለም፣ ፈርምልኝ።

ሻለቃ፦ እጄን ላውርድ?

ዘበኛ፦ የምትፈርምበትን ብቻ።