ከብት የሌላት እንግዳ

በዚህ ዓለም ላይ «ደህና ነኝ» ከሚለው ንግግር በላይ ውሸት የተሸከመ ያለ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ጥርሱን አሞት አንድ ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቶ እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ጠያቂውም መልሱን ሳይሰማ አልፏል። እናንተም ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ብላችሁ ነው ከቤት የወጣችሁት፤ አትካዱ። እኔም ብያለሁ፤ ለዚያውም ወገቤን ይዤ።

ነገሌ ቦረና ላይ ደግሞ ነገሩ ሥርዓት አለው። «ናጋ?» ይባላል፤ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። «ናጋ።» ቤቱስ? ናጋ። ልጆቹስ? ናጋ። ከብቱስ? ናጋ። ዝናቡስ፣ ሳሩስ፣ መንገዱስ? ናጋ፣ ናጋ፣ ናጋ። ቤቱ ትናንት ተቃጥሎ፣ ከብቱን ድርቅ ጨርሶት ቢሆን እንኳ መልሱ ንቅንቅ አይልም። ይህን ውሸት ያለ ሰው ነገሩ አልገባውም። እንግዳ ገና ከመቀመጡ መርዶ አይነገረውም። አረፍ ይላል፣ ሻይ ወይም ወተት ይቀምሳል፣ ከዚያ «እስቲ ወሬ አምጣ» ሲባል ቃጠሎውም ድርቁም ተራ በተራ ይወጣል። ጣጣ የሚመጣው ይህን የማያውቅ ሰው፣ ያውም የቸኮለ ሰው፣ ጠያቂ ሆኖ ሲመጣ ነው።

የምሠራው እዚሁ ነገሌ፣ ከእስር የወጡትንና ኑሮ የጣላቸውን ሰዎች በሚደግፍ አንድ ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነው። የሥራ መደቤ «ማህበራዊ ሠራተኛ» ይባላል። እናቴ እስከ ዛሬ አልገባትም። ጎረቤት ሲጠይቃት «የተቸገረ ሰው ይጠይቃል» ትላለች። «ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክሽው?» ይሏታል፤ እሷም ወሬ ትቀይራለች።

ጃታኒ ወደ እኛ የመጣው ከማረሚያ ቤት በወጣ ሰሞን ነው። ወንጀሉ የውሃ ወረፋ ነበር። ጉድጓድ ላይ ተረኛው እኔ ነኝ፣ የለም እኔ ነኝ ሲባባሉ ዱላ ተነሳ፣ የጎረቤቱ ክንድ ተሰበረ፣ ጃታኒ ታሰረ። ሽማግሌ ገብቶ ካስታረቃቸው በኋላ ማረሚያ ቤት ድረስ ስኳር እየያዘ ይጠይቀው የነበረው ያው ክንዱ የተሰበረው ሰው ነው። አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያንን ዱላ ከየትኛው ዛፍ እንደቆረጠው ጠየቀው አሉ። ጥሩ ዱላ ነበራ!

ጃታኒ ታስሮ ሳለ ከብቱን ድርቅ ፈጀው። ሚስቱ ቃበሌ ልጆቿን ይዛ ሜጋ ከተማ ወንድሟ ዘንድ ገባች። ወንድምየውም ቁርጡን ነገረው፤ «መተዳደሪያ ሳትይዝ እህቴን ልውሰድ ብለህ እንዳትመጣ።» ስለዚህ ጃታኒ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አህያ ከነጋሪው። ውሃ እየቀዳ ለከተማው ይሸጣል፣ ቤት ይከራያል፣ ቃበሌ ትመለሳለች። እስከዚያ ድረስ የሚያድረው የቢሮአችን በረንዳ ላይ ነው።

ሀብቱ አንዲት ነጭ ፍየል ነበረች። በቦረና ከብት ላለቀበት ሰው ዘመድ ከየበረቱ አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ደንብ አለ። በዚያ ክፉ ጊዜ ግን አዋጪዎቹም አልቆባቸው ስለነበር የተዋጣው እሷው ብቻ ሆነች። ጠባይዋ ግን የከበርቴ ነው። «ራስን መቻል» ብለን በር ላይ ከሰቀልነው ባነር «ራስን» የሚለውን በልታ «መቻል»ን ትታልናለች።

አህያ እንዲፈቀድ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ ችግሩን ከባለጉዳዩ አፍ መስማት አለበት። ከአዲስ አበባ የተላከችው ወይዘሪት ትዕግሥት በሻኪሶ በኩል አቧራ ለብሳ ደረሰች። ሳይመሽ ሻኪሶ ለመመለስ ስለፈለጉ ሾፌሯ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። ሻይ ብንላት «ጊዜ የለም» አለች። ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው።

«ጤናዎ እንዴት ነው?» አለችው።

«ናጋ።»

«ቤትዎስ?»

«ናጋ» አለ ከበረንዳችን ተነስቶ የመጣው ሰውዬ።

«ባለቤትዎና ልጆችዎስ?»

«ናጋ።»

«የሚበሉትስ አያጡም?»

«ናጋ፣ ናጋ።»

በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ሰብሰብ አደረገውና «ጠበበህ እንዴ?» አለኝ። «ችግርህን ንገራት እንጂ!» አልኩት በኦሮምኛ። አፈረብኝ። «እንግዳ ናት እኮ! ውሃ እንኳ አልቀመሰች፤ በምን አፌ ነው በችግር የምቀበላት?»

እኔ ላስረዳ ብል ትዕግሥት እጇን አነሳች። መመሪያው ባለጉዳዩ ራሱ ይናገር ነው የሚለው። እስክሪብቶዋን አነሳችና «ድጋፍ አያስፈልገውም» ብላ ጻፈች። በቃ፣ ቃበሌ እስከ ወዲያኛው ሜጋ ልትቀር ነው።

ጃታኒ ግን ገና አልጨረሰም። ተጠይቆ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው።

«አንቺስ እህቴ፣ ናጋ?»

«ደህና ነኝ» አለች ወረቀቷን እየሰበሰበች።

«እናት ናጋ?»

«ደህና…» ብላ ቆም አለች። «ኧረ ደህና እንኳ አይደለችም። ወድቃ ከአልጋ ውላለች።»

ጃታኒ ደነገጠ። በዕድሜው ለሰላምታ እውነቱን የመለሰ ሰው አይቶ አያውቅም። ቶሎ ብሎ ወደሚያጽናና ነገር ሊያሻግራት «ቤት ናጋ?» አላት። አከራይዋ ኩሽናዋን ለዶሮዎቹ ማደሪያ አድርጎት፣ እሷ ቁርሷን መኝታ ቤት ነው የምትሠራው። «ባል ናጋ?» አላት፣ ላብ እያጠመቀው። እጮኛዋ «የቤቱ ጣሪያ ይለቅ» እያለ ሠርጉን ሲያራዝም ኖሮ፣ ጣሪያው ሲያልቅ ሌላ ሴት አግብቶ ገባበት። ይህን ስትናገር አፍንጫዋ ቀላ። ሾፌሩ ውጭ ጥሩምባ ነፋ፤ የሰማው የለም።

ጃታኒ የመጨረሻ ተስፋውን ሰነዘረ። «ሎኒ ናጋ?»

«ከብቱስ ነው የሚልሽ» አልኳት።

«ከብት የለኝም!» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ጃታኒ ወደ እኔ ዞረ። እናቷን ችሎ ነበር፣ ዶሮዎቹንም፣ ጣሪያውንም ችሎ ነበር። ይህን ግን አልቻለም። «አንድም?» አለኝ በሹክሹክታ። «አንድም» አልኩት። «ጎሳ የላትም እንዴ?» ብሎ ተነሳና ወጣ። ሲመለስ ነጯን ፍየል እየጎተተ ነበር። ገመዱን እጇ ላይ አኖረና «ለመነሻ ነው» አላት።

ሳቄና እንባዬ እኩል መጡብኝ። ትዕግሥት ገመዱን ይዛ ፍየሏን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ መመሪያው ትዝ አላት፤ «ሠራተኛ ከተረጂ ስጦታ መቀበል ክልክል ነው!»

«እሱ መቼ ተረጂ ሆነ?» አልኳት። «አሁን አይደል ድጋፍ አያስፈልገውም ብለሽ የጻፍሽው? ከአንድ ደህና ኗሪ የመጣ ስጦታ ነው። እንቢ ብትይ ደግሞ የቦረና ሽማግሌ ሁሉ ይቀየምሻል።»

በመስኮት ወደ መኪናው አየች፤ ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ሾፌሩ ፍየሏን ሲያይ ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ። ፍየሏም የትዕግሥትን የሻሽ ጫፍ መቅመስ ጀምራለች። ትዕግሥት እስክሪብቶዋን መልሳ አወጣች፣ የጻፈችውን ሰረዘች፣ ከሥሩም «እጅግ የተቸገረ፤ በአስቸኳይ» ብላ ጻፈችበት።

አህያው ከነጋሪው መጣ። ቃበሌም ልጆቿን ይዛ መጣች። ፍየሏን ግን ጃታኒ መልሶ አልወስድም ብሎ አስቸግሮን፣ በስንት ልመና «የእሷው ናት፤ በአደራ እጠብቅላታለሁ» በሚለው ተስማማ። ትዕግሥት መጀመሪያ የደወለችው ስለ ፍየሏ ለመጠየቅ ነበር። ቀጥላ ስለ አከራይዋ ልትነግረው ደወለች። አሁን እሁድ እሁድ የጃታኒ ስልክ ሲጮህ አህያው ራሱ ይቆማል። ሠፈሩ ጀሪካኑን ይዞ ጥላ ይፈልጋል።

ባለፈው እሁድ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ቃበሌ ጃታኒ ስልክ ላይ ሲያጽናና አገኘችውና ጋሪው ፊት ተገተረች። «ይቺ በየሳምንቱ የምትደውል ሴት ማናት?» አለችው። ጃታኒ ስልኩን በእጁ ከደን አደረገው።

«የተቸገረች ናት» አላት። «እኔ ነኝ የምደግፋት።»

የቃበሌ ፊት ወዲያው ተፈታ። «ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም ነበር!» ብላ ስልኩን ከእጁ ተቀበለችና ጋሪው ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። እኔም ባዶ ጀሪካኔን ገልብጬ ተቀመጥኩበት።