የጋሽ ተካ ግፊት

ግብር በከፈሉ ቁጥር አገር የገዙ የሚመስላቸውን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ? የእነሱ አለቃ እዚሁ ጅግጅጋ አሉ፤ ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤቴ ጋሽ ተካ። «የሕክምና ኮሌጁን በጀት የምንሞላው እኛ፣ የሚማሩበት የሀርጌሳና የጅቡቲ ልጆች!» ይላሉ። ይህን ሳይሰማ ሻሽ ገዝቶ የወጣ ደንበኛ የለም።

አንድ ቀን ሊባን የሚባል ከሀርጌሳ የመጣ የኮሌጁ ተማሪ ሱቃቸው ገባ። ፊታቸው ደም ሲመስል አይቶ፣ «አዴር» አላቸው፤ አጎቴ ማለቱ ነው። «እስቲ ክንድዎን።» ከቦርሳው መለኪያ አውጥቶ የደም ግፊታቸውን ለካ። በጀት ሲሉ ይወጣል፣ ዝም ሲሉ ይወርዳል! እንዲህ ያለ ማስተማሪያ የትኛው ኮሌጅ አለው? በማግስቱ ጓደኞቹን በሙሉ ይዞ መጣ።

«አዴር፣ እባክዎ በጀት ይበሉ።»

እሳቸውም «በጀት!» አሉ፤ ግፊታቸው ወጣ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ ጋሽ ተካም ኮራ ብለው ለሁሉም ሻይ አዘዙ። ከዚያ ወዲህ ሱቁ መማሪያ ክፍል ሆነ።

ሰሞኑን ታዲያ መንግሥት የኮሌጁን በጀት ሊቀንስ ነው ተባለ። ዛሬስ ግፊታቸው ይወርዳል ብዬ ሄድኩ። ሊባን ለካና መሣሪያውን ተጠራጠረ፤ ግፊታቸው እንዲህ ወጥቶ አያውቅም።

«ምን ሆኑ አዴር?»

«ምን ልሁን! ልጆቼን ከትምህርት ገበታ ሊያስነሱብኝ!»