ደቻቱ እስከ የት ደረሰ?

ሰው መዝገብ ቤት የሚመጣው እውነት ፍለጋ ይመስላችኋል? እኔም ሥራ ስጀምር እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ድሬ ላይ የፋይል አቧራ ስጠርግ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ገባኝ፤ ሰው የሚመጣው አስቀድሞ ያመነውን ነገር ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ ለማየት ነው። ታዲያ ወረቀት ይሉኝታ የለውም።

የባቡር ጡረተኛው ጋሽ ሙሜም ባለፈው ሰኞ የመጡት ለዚሁ ነው። ከባሏ የተለያየችው ልጃቸው ሁለት ልጆቿን ይዛ ልትመጣ ነው፤ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው ግቢያቸው ሁለት ክፍል ሊጨምሩላት ፈቃድ ቢጠይቁ «ቦታው የጎርፍ መንገድ ነው» ተባሉ።

«አቦ፣ የምን ጎርፍ!» አሉኝ ገና ከበሩ። «አባቴ ወላሂ ብሎ ነግሮኛል፣ እዚያ ግቢ ውኃ ገብቶ አያውቅም። ወታደሮቹ ለክተውታል፤ ወረቀቱን አውጪልኝ።»

ወታደሮቹ የሚሏቸው ድሮ የወንዙን መከላከያ ግንብ ሊሠሩ የመጡትን የጦር መሐንዲሶች ነው። እግዜር ይስጣቸውና፣ ደረቁን አሸዋ ለክተው ብቻ አልሄዱም፤ የየሰፈሩን ነዋሪ እየጠሩ «ውኃው እስከ የት ደረሰ?» ብለው ጠይቀው፣ ቃሉን ጽፈው፣ ፊደል ያልቆጠረውን በአውራ ጣቱ አስፈርመዋል።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳስነጥስ ቆይቼ ፋይሉን አገኘሁት። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የሰፈሩ ምስክር አባታቸው ናቸው! ጋሽ ሙሜ ደስ ብሏቸው ጠረጴዛውን መቱት። እኔ ቀጠልኩ፦ «ውኃው እስከ ደረቴ ደርሷል። እዚህ ቦታ ላይ ሰው ቤት ባይሠራ ይሻላል።» ከሥሩ አሻራ።

ፋይሉን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ማንበቤን ጠላሁት።

«ታዲያ አባትዎ ለምን ሠሩበት?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ሌላ ቦታ ማን ሰጠው?» አሉ፣ አሻራውን በጣታቸው እየዳሰሱ። «ለወታደሮቹ እውነቱን ነገራቸው። እኛን ግን እንቅልፍ እንዲወስደን ዋሸን።»

ማመልከቻቸውን አራት ቦታ ቀደዱት። ለልጃቸው ከፍ ካለ ሰፈር ቤት ሊፈልጉላት ነው።

«እርስዎስ?»

«እኔማ የት እሄዳለሁ? ስሚ አንቺ ልጅ፣ ልጄ ደውላ ከጠየቀችሽ ፋይሉ ጠፋ በያት። ካወቀች ሐሳብ ይገድላታል።»

እንዲህ ያለ ነገር አልሠራም አልኩ፤ ማልኩም። ትናንት ደወለች። «ጠፍቷል» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ!» አለችኝ፣ «ወረቀት ከሌለማ ወሬ ነው፤ እኔ ደግሞ አባቴ የሚኖርበት ቦታ የምር ጎርፍ ያለበት መስሎኝ ስጨነቅ ነበር።»

እሷስ ተገላገለች። ጎርፉ በሚወርድበት በተራራው በኩል ሰማዩ ሲጠቁር፣ ከእንግዲህ እንቅልፍ የማይወስደኝ እኔን ነው።