ማኤስትሮ ተከስተ በሰዓታቸው የደረሱ ዕለት

በአዲስ አበባ ሰው ያሰበበት ቦታ በሰዓቱ እንዳይደርስ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የመኪና መንገድ መዘጋጋት፣ ሌላው ሰላምተኛ ሰው። መንገዱስ ቆይቶ ይከፈታል። ሰላምተኛ ግን አንዴ እጅዎን ከያዘ ልጆችዎን፣ ጉልበትዎን፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የጠፋ ድመትዎን ሳይቀር ሳይጠይቅ አይለቅም። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የእኛ የቂርቆሱ ግን፣ አይጣል ነው፣ ኦርኬስትራ ይመራል።

ክቡር ማኤስትሮ ተከስተን ነው የምለው። “ማኤስትሮ” የሚላቸው ፖስተሩ ብቻ ነው፤ ሰፈሩ “ጋሼ” ይላቸዋል። በወጣትነታቸው በማርሽ ባንድ ጥሩምባ ነፉ፤ ቡልጋሪያ ሄደው ተማሩ፤ ተመልሰው ሠላሳ ዓመት ሙዚቃ አስተማሩ። ጡረታ ሲወጡ እንደ እኩዮቻቸው ፀሐይ በመሞቅ ፈንታ፣ የድሮ ተማሪዎቻቸውን ከየባንኩና ከየቢሮው ለቃቅመው ሃያ ስድስት ሰው ያለው ኦርኬስትራ አቋቋሙ። በምን አሰባሰቡት ቢሉኝ፣ በሰላምታ። አንዱን መንገድ ላይ ይይዙትና ስለ እናቱ ጤና ሲጠይቁት ይቆያሉ፤ ሲለቁት ቅዳሜ ቫዮሊኑን ይዞ ሊመጣ ቃል ገብቷል።

ልምምድ ሲጀመር “ሰላም ሳንባባል ምን ይጀመራል?” ይላሉ። ከሃያ ስድስቱም ጋር አንድ በአንድ ይጨባበጣሉ። ሃያኛው ላይ ሲደርሱ አንድ የዘገየ ከች ካለ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ሲቆጡ ያየ የለም። ከበሮ መቺው ዮአብ ጣራውን ሊገነጥል ሲደርስ እንኳ፣ “ዮአቤ፣ ትንሽ ዝቅ በልልኝ፤ ጎረቤትህ ምን እንደሚል ልስማው” ይሉታል። ዮአብ አፍሮ ጭራሽ ሲጠፋ ደግሞ፣ “ኧረ ልጄ፣ ዝቅ በል አልኩህ እንጂ ሙት አልኩህ?”

ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ጎንበስ ብለው ከኋላ ወንበር ጀምሮ ሁሉንም ይጨብጣሉ። አንዴ ረዳቱ ታክቶት፣ “ፋዘር፣ ታክሲ ነው እኮ፣ ሠርግ አይደለም! በቃ ይቀመጡ!” ቢላቸው፣ “ልክ ነህ ልጄ፤ ስምህ ማን ነው?” አሉት። የልጁን ስምና የተወለደበትን አገር ሲያጣሩ መውረጃቸውን አለፉ። ሌላ ቀን ደግሞ ሰንጋ ተራ የለቅሶ ድንኳን አይተው ገቡ። ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ሲወጡ የሟች ልጅ “አባታችንን በምን ያውቋቸው ነበር?” ብትላቸው፣ “እንግዲህ ዛሬ ተዋወቅን” አሏት። ሃያ ስድስት ሰው እየጠበቃቸው።

ይህን ሁሉ እየሳቅሁ አወራው ነበር፣ ልጄ እዚያ ውስጥ ባትኖር።

ፍዮሪ ክላሪኔት ትነፋለች። የሚያሠለጥኗትም፣ መሣሪያውን ያዋሷትም ጋሼ ናቸው። ባለፈው ኅዳር ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ኮንሰርት ነበራቸው። ለብቻዋ የምትጫወተው የመጨረሻው ላይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል ተባለ፣ ጋሼ አርባ ደቂቃ ዘግይተው መጡ፣ አሥራ አንድ ሲል ጥበቃው መብራቱን አጠፋ። የፍዮሪ ተራ ቀረ። ጎረቤት እንዳይታወክ ፊቷን ወደ ቁም ሣጥን አዙራ አራት ወር የተለማመደችው እዚያው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቀረ።

ሚያዝያ ላይ እዚያው አዳራሽ ሌላ ኮንሰርት መጣ። “እማ፣ አሁንም ከቀረ በቃ፤ ክላሪኔቱን እመልሳለሁ” አለችኝ። ፉከራ አልነበረም። እኔም ትምህርቴን ስተው እንደዚሁ ረጋ ብዬ ነው የተናገርኩት።

ስለዚህ በዕለቱ ስምንት ሰዓት ላይ የጋሼ በር ላይ ቆምኩ።

“ጀማነሽዬ! ቤተሰብ ደህና? ያ ወገብሽስ?”

“ሁሉም ደህና ነው ጋሼ፤ መንገድ ላይ እነግርዎታለሁ። ይውጡ።”

በባምቢስ በኩል መሄድ ሞት ነው፤ ከሱቅ ሱቅ የማያውቃቸው የለም። እኔ ግን አስቤበት ነበር። ቤቶቹ ፈርሰው ሰዉ ወደ ከተማው ዳር በተነሣበት በካዛንቺስ ጀርባ አዞርኳቸው። ሰው የለም፤ ሰላምታ የለም። በብልሃቴ ራሴን አደነቅሁ።

ጥቂት እንደሄድን ጋሼ ቆም አሉ። “እዚህ ጋ የእነ ሔለን በር ነበር” አሉና ኮፍያቸውን ነካ አደረጉ። አሥር እርምጃ ሄደው ደግሞ፣ “ልብስ ሰፊው አስገዶም እዚህ።” ኮፍያቸውን ነካ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ። መልስ የሚሰጥ ስለሌለ ቶሎ ቶሎ አለቀ። እኔም ሰዓቴን ለማየት አፈርኩ።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ በር ላይ ደረስን። ማንም አልነበረም።

ማንም ስል፣ አንድም ሰው። ተመልካች የለም፤ ከሃያ ስድስቱ አንድም አልመጣም። ስልኬን አወጣሁ።

“ፍዮሪ! የት ነሽ?”

“ፀጉሬን እየተሠራሁ። ምነው?”

“ጋሼ መጥተዋል!”

በደነገጠ ድምፅ፣ “ምን ሆኑ? አመማቸው እንዴ?”

ያኔ ገባኝ። ሰዉ ሁሉ ሰዓቱን የሚሞላው በእሳቸው ነው። ዘጠኝ ከተባለ ዘጠኝ ከአርባ ነው፤ ይህን የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ደግሞ አዲስ ነው፤ ሃፍቶም የሚባል፣ ፊቱ የማይፈታ። “አሥራ አንድ ሲል እዘጋለሁ። ትእዛዝ ነው” አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። አለቀ አልኩ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ባዶውን አዳራሽ አዩ፤ ሃፍቶምን አዩ። ከቤት ከወጣን ወዲህ ያላየሁት ፈገግታ ፊታቸው ላይ መጣ። “ከመይ ውዒልካ፣ ወደይ?” አሉት በትግርኛ፤ እንዴት ዋልክ ልጄ መሆኑ ነው። ልጁ ደነገጠ። አርባውን ደቂቃ በሙሉ ያዙት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ እኔ መንገዱ ላይ ሳፈጥ ነበር።

በዘጠኝ ከአርባ ሰዉ ተንጋግቶ ደረሰ። ኮንሰርቱ ተጀመረ፤ እኔ ግን ምንም አልሰማሁም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ አያለሁ። አሥራ አንድ ሲል በሩ ተከፈተ፤ ሃፍቶም ቁልፎቹን ይዞ ገባ። ገና የፍዮሪ ተራ አልደረሰም። ተነሥቼ ልለምነው ስል እሱ አጠገቤ ተቀመጠ።

“ልጅሽ የቷ ናት?” አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ማን ነገረህ?”

“ጋሼ። አርባውን ደቂቃ ስለ እሷ ነው ያወሩኝ። በኅዳሩ ኮንሰርት ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በእኔ የተነሣ ነው የቀረባት አሉ። አለቃዬ ጋ ደውዬ እስኪጨርሱ አስፈቅጃለሁ።”

አምስት ወር ሙሉ ቂም ይዤባቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ አምስት ወር ሙሉ ጥፋታቸውን ይዘው ሲዞሩ፣ መንገድ ላይ ሁሉን ነገር ሲጠይቁኝ የፍዮሪን ነገር ብቻ ለመጠየቅ አፍረው ኖሯል። እንዲህ ያለ ሰው ሰዓት ባያከብርስ!

“ያቻት፣ ፀጉሯን ግማሽ ብቻ የተሠራችው” አልኩት።

ፍዮሪ ተነሣች። ጋሼ እጃቸውን አነሡና ጠበቋት። ሃፍቶም ቁልፎቹ እንዳይንኮሻኮሹ በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ያዛቸው።