ወደብ የጠየቀው ኮምፒውተር

የቤት ኮምፒውተር ጥልፍ ጨርቅ ይለብስ የነበረበትን ዘመን ታስታውሳላችሁ? የእኔው ከአዲስ አበባ ተከትሎኝ ወረታ ሲገባ ባለቤቴ ያለበሰችውን እንኳ አላወለቀም ነበር። ከካርታ ጨዋታ በቀር ሥራ አልነበረውም፤ እኔም ብሆን ብዙ አልሻለውም።

ሥራዬ የሩዝ ዘር መመርመር ነበር። አንድ ቀን የእርጥበት መለኪያችን ቁጥር የሚያሳይበት መስታወት ሞተ። ሆዱ ግን ደህና ነው፤ ይለካል፣ የለካውን መናገር ብቻ አቃተው። በጀርባው ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት ገመድ ስላለው የቤቴን ኮምፒውተር ተሸክሜ አመጣሁ። የገመዱ እግር ሃያ አምስት፣ የኮምፒውተሬ ቀዳዳ ዘጠኝ! እንዴት ይጋቡ?

አለቃዬ ደብዳቤ ጻፍ አሉኝ። የፈረንጅ ቃል ደግሞ አይወዱም። የኮምፒውተር ቀዳዳ በፈረንጅኛ ፖርት ይባላል፤ ፖርት በአማርኛ ምንድን ነው? ወደብ። እኔም "ኮምፒውተራችን ተስማሚ ወደብ ስለሌለው ወደብ እንዲፈቀድልን" ብዬ ለበላይ መሥሪያ ቤት ላክሁ። ያውም አገሩ ሁሉ ስለ ወደብ በሚያወራበት ሰሞን።

በዚሁ መሀል የጎረቤት ቀበሌው፣ የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ አያ ደሴ ሩዛቸውን ለዘር ሊያስመረምሩ መጡ። ናሙናውን በጠርሙስ አሽጌ አስቀመጥኩላቸው። ደንቡ ጨካኝ ነው፤ አንዴ እርጥብ ተብሎ የወደቀ ሩዝ በዚያ ዓመት ለዘር አይመለስም፣ ድስት ይገባል። እሳቸው ደግሞ ሩዛቸውን ዘር ለማሰኘት ሁለት ዓመት የለፉ ሰው ናቸው። በየገበያው ቀን ብቅ እያሉ "ይኸ መኪናህ ዛሬም አፉን አልፈታም?" ይሉኛል። አንጀቴን ይበሉታል።

ከወር በኋላ መልስ መጣ። የወደብ ጉዳይ ከመሥሪያ ቤታችን ሥልጣን በላይ ስለሆነ ጥያቄው ለፌዴራል መንግሥት ይቅረብ ይላል። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አልሳቁም።

በንዴት ይፋግ ከተማ ካለ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩና ገመዱን ሽቦ ለሽቦ እያገናኘን በየድነው። ሠራ! አያ ደሴ ግቢያቸው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከከረመው ሩዝ አዲስ ናሙና ይዘው መጡ። ለካሁት። ደረቅ ነው፣ አለፈ። ኮራሁ። ያ የታሸገ ጠርሙስ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። እሱንም ለካሁት፤ እርጥብ። መለኪያው ያን ጊዜ ደህና ቢሆን ኖሮ ሰውዬውን በገዛ እጄ ጥያቸው ነበር። ከዚያ በፊትስ ስንቱን በደህና መለኪያ ጥዬ ይሆን? ደነገጥኩ።

ዝም ብል ይቀለኝ ነበር። ግን ከበላይ የመጣውን የመልስ ደብዳቤ አውጥቼ፣ ሩዛቸውን ያዳነው የእሱ መዘግየት መሆኑን ነገርኳቸው። አያ ደሴ እኔን አዩ፣ ደብዳቤውን አዩ፣ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። ሊመርቁኝ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ።

"ያን ወረቀት የጻፈውን ሰው" አሉ፣ "እግዜር ከትልቅ ሹመት ያድርስልኝ!"