ስሜ ከዋይፋዩ ላይ ወረደ

ዛሬ ጠዋት እስከ ክርኔ ቅቤ ውስጥ ገብቼ የገብሱን ዱቄት ለጩኮ እያሸሁ ነበር። ለምን መሰላችሁ? ለፕሮግራም!

ሳቁ፣ ሳቁ። ገና ምን ሰማችሁና!

ይቺ አሁን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሀዊ ኮምፒውተር የተማረች ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ እንደገባኝ ልንገራችሁ።

ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ፣ ዋይፋይ የምትይዝ ትንሽ ዕቃ አለች። ሁለቱ እንዲግባቡ መሀል የሚገባ ፕሮግራም ያስፈልጋቸዋል። ድራይቨር ነው የሚሉት። እኔ አስታራቂ ሽማግሌ እለዋለሁ።

ሀዊ እሱን ስምንት ወር ሠራች። በነጻ! ለዓለም ሁሉ! የፈለገ ከፍቶ ያየዋል፣ የፈለገ ያርመዋል።

ስሙን ማን ብትለው ጥሩ ነው? ሸጊቱ! የእኔን ስም!

ታዲያ ዝም ልበል? ሲሬ ላለችው እህቴ ደወልኩ። ጎረቤት ጠራሁ። ስም ወጥቶ ሰው ሳይበላ ይቀራል እንዴ?

ቤቱ ሞልቶ ጩኮው ሲታደል፣ ሀዊ ፕሮግራሙን አይተው ከሚቀበሉት ፈረንጆች ጋር ቪዲዮ ኮል ላይ ነበረች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን አሉሽ?»

«አኮ» አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ «ስሙን አልፈለጉትም። ደንብ አለ። መጀመሪያ ዕቃውን የሠራው ፋብሪካ ፊደል፣ ከዚያ የዕቃው ቁጥር። ዛሬ ካልቀየርኩት ሥራዬን አይቀበሉትም። እርስዎ ደግሞ ሰው ጠርተዋል…» እንባዋ መጣ።

ደሜ ፈላ! በቅቤ እጄ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞርኩት። አንድ ጺማም ሽማግሌ ፊቴ ተገተረ።

«ተርጉሚለት!» አልኳት። «ይሄ ፋብሪካ ስትለምነው የዕቃውን አሠራር የሚያሳይ አንዲት ወረቀት ሰጣት? ‹አላውቅሽም› አላት እንጂ! ያሳደገችው እሷ፣ ስሙ የከዳተኛ አባት? በየትኛው አገር ነው ይሄ?»

ጎረቤት አጨበጨበ። እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝ። ሞኝ!

ሰውየው ቀስ ብሎ ተናገረ። ሀዊ ተረጎመች፦ «እውነትዎን ነው እናቴ። ግን ዕቃው የተበላሸበት ሰው ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ነው አንብቦ የሚፈልገው። ሸጊቱ ብሎ የሚፈልግ ማን አለ?»

ማን አለ? ማንም!

ወላሂ እውነቱን ነው። ያ ሁሉ ሰው አፌን ያያል። የልጅቷ ስምንት ወር በእኔ ስም የተነሳ ከንቱ ሊቀር ነው።

«ቀይሪው» አልኩ።

ቀየረችው፣ ተቀበሏት። አሁን ስሙ አራት ፊደልና አምስት ቁጥር ነው። የመኪና ታርጋ! እሷ ግን ዘላ አቀፈችኝ፣ ቅቤውም ሳያስጠላት። (ይሄንንም ጻፊ፣ አትዝለይ!)

ሲሬ ለእህቴ ምን ብዬ ልደውል? እስቲ እናንተ ምከሩኝ።

ሰው ሲበተን ጎረቤቴ ወርቅነሽ በር ላይ ቆም ብላ፣ «አይዞሽ ሸጊቱ» አለችኝ። «ትናንት የተወለደችው ጥጃዬ ስም አልወጣላትም። ያንቺን እሰጣታለሁ። እኔ ደንብ የለኝም።»